የኮምፒዩተር ትኩሳት እንዴት ይነበባል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለሰው የተነገረ ቢሆንም ቅሉ፣ በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ተደርድረው ለሚገኙት መሣሪያዎችም የሚያገለግል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኮምፒዩተር ግን ከሰው በአንድ ነገር ይለያል፤ ትኩሳቱን ሳይደብቅ በየሴኮንዱ በቁጥር ጽፎ ያሳያል። ችግሩ ያለው ቁጥሩን በምናነበው በእኛ ላይ ነው። እኔም ማንበብ ሳላውቅ ካነበቡት ሰዎች አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ባለማወቄ ያደረስሁትን ጉዳትና ከዚያም በኋላ የተማርሁትን ትምህርት ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ሀ፤ ነገሩ እንዴት ተጀመረ

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በትምህርት ቤታችንም ተማሪው እንዲለማመድ ተብሎ የ2017 ዓ.ም. የሞዴል ፈተና በኮምፒዩተር እንዲሆን ተወሰነ። ለዚሁ ሥራ 14 ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በስጦታ ተገኙ። በጭነት መኪና ተጭነው በመጡ በሳምንቱ፣ መምህራችን የኮምፒዩተር ክበብ አባሎችን ሰብስበው፣ እያንዳንዱን መርምረን «ደኅና ነው» ወይም «ደኅና አይደለም» ብለን በወረቀት ላይ ጽፈን እንድንፈርም አዘዙን። ለእኔም ከ7ኛው እስከ 12ኛው ያሉት ስድስት ኮምፒዩተሮች ደረሱኝ።

የምርመራው ዘዴ የጭነት ፈተና ይባላል። ይኸውም ኮምፒዩተሩን በአንድ ፕሮግራም አማካይነት ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲሠራ አድርጎ፣ በዚያን ጊዜ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚደርስ መመልከት ነው። እኔም ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ ሙቀትን የሚያሳየውን ሌላውን ፕሮግራም በጎኑ ከፍቼ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አነበብሁ። 7ኛው ኮምፒዩተር 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየኝ። ደስ ብሎኝ «ደኅና ነው» ብዬ ፈረምሁ። 11ኛው ኮምፒዩተር ግን 127 ዲግሪ አሳየኝ። ውሃ እንኳ በ100 ዲግሪ የሚፈላ መሆኑን ስለ ተማርሁ፣ ደንግጬ ሶኬቱን ነቀልሁት፤ «አደገኛ ነው፤ ሊቃጠል ይችላል» ብዬ ጽፌም ወደ ዕቃ ቤት ተሸክሜ ወሰድሁት።

የፈተናው ቀን በደረሰ ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ 7ኛው ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጠች። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱን ጥያቄ ጨርሳ ወደ ሌላው ለማለፍ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ትጠብቅ ጀመር። ሰዓቱ ሲያልቅ ከ60 ጥያቄዎች የመለሰችው 34ቱን ብቻ ነበር። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ መምህራችን አዝነው «አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? ጥናቱን ትተሽዋል እንዴ?» አሏት። እርሷም «ኮምፒዩተሩ ዘገየብኝ» ብትል የሚያምናት አልተገኘም፤ ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው የሚል፣ የእኔ ፊርማ ያለበት ወረቀት በመምህራችን እጅ ነበረና።

በማግስቱ ወደ ላቦራቶሪው ሠራተኛ ሄጄ «ጋሼ፣ 7ኛው ኮምፒዩተር እኮ ደኅና ነው። ስመረምረው 41 ብቻ ነው ያሳየኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩኝና «የምኑ 41?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያች አንዲት ጥያቄ ዘግይቶ የተገኘ መልስ ነው።

ለ፤ ሙቀቱ ከወዴት ይመጣል?

በኮምፒዩተር ውስጥ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የተባለው ክፍል ነው። በውስጡ ያለው ቺፕ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ እጅግ ብዙ የሆኑ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች በላዩ ተሠርተውበታል። እነዚህ በበሩና በጠፉ ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ኃይል አይጠፋም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የወሰደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሚወስደውም ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል።

በእኛ ክፍል ያሉት ኮምፒዩተሮች ኢንቴል ኮር አይ 5-6500 የተባለውን ፕሮሰሰር የያዙ ናቸው። ይህ ፕሮሰሰር በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ አራት ኮሮች፣ ማለት አራት የሥራ ክፍሎች አሉት። መደበኛ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ነው፤ አምራቹ ያወጣለትም የሙቀት ኃይል መጠን 65 ዋት ነው። ይህም አሮጌው ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚሰጠው ጥቂት የሚበልጥ ነው። የበራን አምፖል በእጁ ለመንካት የሞከረ ሰው፣ ያ ሁሉ ሙቀት በጥፍር ስፋት ላይ ቢሰበሰብ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አይቸግረውም።

ስለዚህ ሙቀቱ መውጫ መንገድ ያስፈልገዋል። መንገዱም እንደሚከተለው ነው። ከቺፑ ተነሥቶ ወደ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ይሄዳል። ከክዳኑም የጥገና ባለሙያዎች ፔስት በሚሉት ቅባት በኩል አልፎ፣ ሂትሲንክ ወደሚባለው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ይደርሳል። በመጨረሻም ፋኑ በሚነፍሰው አየር ተወስዶ ከኬዙ ወደ ውጭ ይወጣል። ከእነዚህ መሸጋገሪያዎች አንዱ ከተበላሸ፣ ሌሎቹ ደኅና ቢሆኑም ሙቀቱ ወደ ኋላ ይከማቻል። ወንዝ በአንድ ቦታ ቢገደብ ከግድቡ በላይ እንደሚሞላ ሁሉ ማለት ነው።

ሐ፤ «የምኑ ቁጥር ነው?»

ሙቀትን የሚያሳየው ፕሮግራም የሚያቀርብልን ቁጥር አንድ ብቻ አይደለም። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ መለኪያዎች ማለት ሴንሰሮች ስላሉ፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም በየረድፋቸው ይዘረዝራቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

1ኛ፤ የኮር ሙቀት። ይህን የሚለካው ሴንሰር በቺፑ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ኮር አጠገብ የተሠራ ነው። በጭነት ፈተና ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ይህ ነው። ነገር ግን በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ሴንሰሩ ራሱ የሚናገረው «ከጣሪያው ይህን ያህል ዝቅ ብያለሁ» ብሎ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ጣሪያው ፕሮሰሰሩ እንዲያልፈው ያልተፈቀደለት የሙቀት ወሰን ሲሆን፣ ለእኛዎቹ 100 ዲግሪ ነው። ሴንሰሩ 33 ካለ፣ ፕሮግራሙ ከ100 ላይ 33ን ቀንሶ 67 ብሎ ይጽፍልናል። ሴንሰሩ ይበልጥ የሚታመነው በጣሪያው አቅራቢያ ሲሆን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀዘቅዝ የሚያሳየው ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «የእኔ 29 ነው፤ የእኔ 32 ነው» እያሉ ሥራ በፈታ ኮምፒዩተር ቁጥር ቢከራከሩ ክርክራቸው ብዙ ጥቅም የለውም።

2ኛ፤ የክዳን ሙቀት። ለዚሁ ፕሮሰሰር አምራቹ ባወጣው መግለጫ ላይ 71 ዲግሪ የሚል ወሰን ይገኛል። ይህን ያነበበ ተማሪ ኮሩ 75 ሲያሳይ «ከወሰን አለፈ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ዳሩ ግን 71 የሚለው በብረቱ ክዳን መካከል ላይ ለሚለካ ሙቀት የተሰጠ ወሰን ነው። ኮሩ ከክዳኑ በታች፣ በሙቀቱ ምንጭ ላይ ስለ ሆነ፣ ሁልጊዜ ከክዳኑ ይበልጥ ይሞቃል። የአንዱን ወሰን ለሌላው መስጠት የምጣዱን ሙቀት በእሳቱ ሙቀት እንደ መለካት ያለ ስሕተት ነው።

3ኛ፤ የማዘርቦርዱ ሙቀት። በማዘርቦርዱ ላይ የተተከሉ ሌሎች መለኪያዎችም አሉ። እነዚህ የሰሌዳውን ወይም በዙሪያቸው ያለውን አየር ሙቀት እንጂ የፕሮሰሰሩን አይናገሩም። እኔ ያነበብሁት 41 ይህ ነበር። ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ተኝቶ ሳለ የቤቱን ግድግዳ ዳስሼ «ትኩሳት የለውም» እንደ ማለት ሆነብኝ።

4ኛ፤ የማንም ያልሆነ ቁጥር። አንዳንድ ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የመለኪያ ቺፕ የሴንሰር መግቢያ ቢኖረውም አምራቹ ምንም ነገር ሳያገናኝበት ይተወዋል። ፕሮግራሙ ግን ይህን ስለማያውቅ ረድፉን አንብቦ ይጽፈዋል። በዚያን ጊዜ የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ 127 ነው። ለምን 127 ሆነ? በኮምፒዩተር ትምህርት እንደ ተማርነው፣ በ8 ቢት የሚጻፍ፣ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ሊሆን የሚችል ቁጥር ከ-128 እስከ 127 ድረስ ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ 127 ማለት መለኪያው እስከ ጫፉ ሄዶ ቆመ ማለት ነው። ምልክቱም ኮምፒዩተሩ ቢሠራም ባይሠራም ቁጥሩ አለመነቃነቁ ነው። በእውነት የሚሞቅ ነገር አንድም ዲግሪ ሳይወጣና ሳይወርድ ሊቆይ አይችልም።

እነዚህ ሁሉ ስሕተቶች በእኛ በጀማሪዎቹ ብቻ የሚደርሱ አይደሉም። ኤኤምዲ የተባለው ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ራይዘን ፕሮሰሰሮቹን ባወጣ ጊዜ፣ 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ የተባሉት ለፋኑ መቆጣጠሪያ ሲባል ከእውነተኛው ሙቀት በላይ 20 ዲግሪ ጨምረው ይናገሩ ነበር። ብዙ ገዢዎች ተደናግጠው ስለ ጠየቁ ድርጅቱ ነገሩን በይፋ ገለጸ። ደግሞም በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጡት ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ውስጥ እንደ 7950ኤክስ ያሉት በሙሉ ጭነት ጊዜ 95 ዲግሪ ደርሰው እንዲሠሩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ 95 ለአንዱ ፕሮሰሰር የተለመደ ሥራ፣ ለሌላው የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

መ፤ ፈተናው እንዴት ይደረጋል?

የስፖርት መምህራችን የልብ ምታችንን ሦስት ጊዜ ያስቆጥሩናል፤ ከሩጫ በፊት፣ በሩጫው መጨረሻና ካረፍን በኋላ። ለኮምፒዩተርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የክፍሉን አየር ሙቀት በተራ ቴርሞሜትር ለክቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ኮምፒዩተሩን አብርቶ ያለ ሥራ አሥር ደቂቃ ካቆዩት በኋላ የኮሮቹን ሙቀት መጻፍ ነው። ከዚያ የጭነቱ ፕሮግራም ይጀመራል። ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚታወቀው ፕራይም 95 ነው። ይህ ፕሮግራም በመሠረቱ የተሠራው ሜርሴን የተባሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ለመፈለግ ሲሆን፣ ፍለጋው በ1996 እ.ኤ.አ. በጆርጅ ዎልትማን የተጀመረ ነው። ስሌቱ ከባድ ስለ ሆነ ፕሮሰሰሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ከዚህም በላይ ያገኘውን መልስ አስቀድሞ ከታወቀው መልስ ጋር ያስተያያል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በሙቀት ወይም በሌላ ምክንያት ስሌት ቢሳሳት ስሕተቱን ያጋልጣል።

በፈተናው ጊዜ ከሙቀቱ ጋር አብሮ መነበብ ያለበት ሌላ ቁጥር አለ፤ እርሱም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ ጣሪያው በደረሰ ጊዜ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል ያንሳል፤ ሙቀቱም በዚያው ይቆማል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «100 ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚህ በላይ አልወጣም፤ እንግዲያስ ቻለው» ሊል ይችላል። ፍጥነቱን ጭምር ያየ ሰው ግን 3.3 የነበረው ወደ 0.8 ጊጋኸርዝ መውረዱን አይቶ እውነቱን ይረዳል። ሸክም የከበደበት ሰው ሳይወድቅ ቆሞ ቢታይ፣ እርምጃውን አቁሞ ከሆነ ሸክሙን ቻለ አይባልም። ሙቀቱ ከጣሪያውም አልፎ ከሄደ ፕሮሰሰሩ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩን ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ፈተናው ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ካበቃም በኋላ ወዲያው መነሣት አይገባም፤ ሙቀቱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወርድ መጻፍ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ፋይሎችን ማስቀመጥ፣ በፈተናውም ጊዜ ኮምፒዩተሩን ብቻውን ትቶ አለመሄድ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። የጭነት ፈተና ሙቀት የዕለት ሥራ ሙቀት አይደለም። ጆንያ ተሸክሞ እንጦጦን የሚወጣ ሰው ያልበዋል፤ ይህ ሰው ወደ ገበያ ሲሄድም እንዲሁ ያልበዋል ማለት ግን አይደለም። የፈተናው ጥቅም የመሣሪያውን የመጨረሻ አቅም ማሳየቱ ነው።

ሠ፤ ፈጥኖ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚወጣ ሙቀት

ከላቦራቶሪው ሠራተኛ የተማርሁት ትልቁ ነገር የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የሄደበትን መንገድ መመልከት ነው።

ቺፑ ትንሽ ስለ ሆነ በሴኮንድ ውስጥ ይሞቃል፤ በሴኮንድም ውስጥ ይቀዘቅዛል። ሂትሲንኩ ግን ከባድ ብረት ስለ ሆነ እስኪግል ድረስ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። ክብሪት ወዲያው ይነዳል፤ ምጣድ ግን እስኪሰማ ድረስ ያስጠብቃል። ስለዚህ ጭነቱ በተጀመረበት ቅጽበት የሚታየው ዝላይ ከቺፑ እስከ ሂትሲንኩ ያለውን መንገድ ይናገራል። ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ የሚታየው መውጣት ደግሞ ከሂትሲንኩ እስከ ክፍሉ አየር ያለውን መንገድ ይናገራል።

ከዚህ ሁለት ፍርድ ይገኛል። ቁጥሩ በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ጣሪያው ከዘለለ፣ ሂትሲንኩ ገና ቀዝቃዛ ነውና ጥፋቱ የፋኑ ሊሆን አይችልም፤ ፔስቱ ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ ፕሮሰሰሩን በሚገባ አልነካውም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝላይ መጠነኛ ሆኖ ቁጥሩ ግን በአሥርና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ አቧራ ክንፎቹን ደፍኗቸዋል፣ ፋኑ ደክሟል፣ ወይም የኬዙ መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ነው። ሲቀዘቅዝም እንደዚሁ ነው፤ ጭነቱ እንደ ቆመ ወዲያው የሚወርደው የቺፑ፣ ቀስ ብሎ የሚወርደው የሂትሲንኩ ነው። በዚህ ዓይነት ኬዙን ሳይከፍቱ በሽታው በየትኛው መሸጋገሪያ እንዳለ መገመት ይቻላል።

ረ፤ ክፍሉና አገሩ

ፋን አየርን አያቀዘቅዝም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር ያመላልሳል እንጂ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ትክክለኛው መለኪያም ከክፍሉ በላይ ስንት ዲግሪ ወጣ የሚለው ነው። ምሳሌ፤ ክፍሉ 22፣ ኮሩ 67 ቢሆን፣ ልዩነቱ 45 ነው። ይኸው ኮምፒዩተር ወደ ድሬዳዋ ሄዶ 34 ዲግሪ በሆነ ክፍል ቢሠራ፣ 34 ሲደመር 45 ወደ 79 ገደማ ይሆናል። አሁንም ደኅና ነው። በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 92 ያሳየ ኮምፒዩተር ግን ልዩነቱ 72 ስለ ሆነ፣ በዚያ 106 ሊደርስ ይሻ ነበር፤ ይኸውም ከጣሪያው በላይ ነው። እዚህ ያለፈ እዚያ ይወድቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ የእኛ ከተማ የራሷ የሆነ ችግር አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፋኑ በአንድ ሴኮንድ 10 ሊትር አየር ቢያሳልፍ፣ ይህ አየር በባሕር ዳርቻ 12 ግራም፣ በአዲስ አበባ ግን 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 1 ጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ 65 ዋት የሚሸከመው አየር በባሕር ዳርቻ በ5.4 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ግን በ7.2 ዲግሪ ይሞቃል። ይህ የአየሩ ድርሻ ብቻ ቢሆንም፣ የቀዝቃዛው አየራችን ጥቅም በከፊል በመሳሳቱ እንደሚቀነስ ያሳያል። ብዙ የሰርቨር አምራቾችም ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት የሚቀንሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ ምርመራውን ያደረግሁት በጠዋት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር። ፈተናው ግን የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ተቀምጦ የሚያስብ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ 30 ተማሪዎች በአንድ ክፍል ቢቀመጡ 3,000 ዋት ይሆናል፤ ይህም በክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዶ እንደ መጋገር ያህል ነው። ኮምፒዩተሮቹ የሚያወጡት በዚህ ላይ ይታከላል። ስለዚህ የክፍሉን ሙቀት ሳይጽፉ የኮሩን ሙቀት ብቻ መጻፍ፣ ገንዘቡን ሳይጠሩ ዋጋውን እንደ መናገር ነው።

ሰ፤ የሁለቱ ኮምፒዩተሮች ጉዳይ

ከፈተናው በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከላቦራቶሪው ሠራተኛ ጋር ሆነን ሁለቱን ኮምፒዩተሮች እንደ ገና መረመርናቸው።

7ኛው፤ ክፍሉ 22 ሳለ ያለ ሥራ 46 ነበረ። ጭነቱን በጀመርን በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ኮሩ 98፣ ወዲያውም 100 ደረሰ። ፍጥነቱ እስከ 0.8 ጊጋኸርዝ ወረደ። የማዘርቦርዱ ረድፍ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ 41 እያለ ይስቅብኝ ነበር። ዝላዩ ቅጽበታዊ ስለ ሆነ «መነካካቱን እንይ» አሉኝ። ሶኬቱን ነቅለን ኬዙን ብንከፍት፣ ሂትሲንኩን ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያያይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች ሁለቱ በመንገድ መንገጫገጭ ተነቅለዋል። ሂትሲንኩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ነበር። አሮጌውን ፔስት ጠርገን፣ አዲስ ቀብተን፣ እግሮቹን መልሰን ቆለፍናቸው። እንደ ገና ሲፈተን ከሃያ ደቂቃ በኋላ 68 ላይ ረጋ፤ ፍጥነቱም ከ3.3 አልወረደም።

11ኛው፤ ከዕቃ ቤት አውጥተን ስንፈትነው ያ 127 የሚለው ረድፍ ከጭነቱ በፊትም፣ በጭነቱም ጊዜ፣ ከጭነቱም በኋላ 127 ነበረ። ኮሮቹ ግን ያለ ሥራ 33፣ ከሃያ ደቂቃ ጭነት በኋላ 67 ሆኑ። አንዳችም ጉድለት የሌለበትን መሣሪያ እኔ በፊርማዬ አስሬው ነበር።

በዚያው ሰኞ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዤ ወደ መምህራችን ሄድሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። መናገሩ ቀላል አልነበረም። እርሳቸውም ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ ጓደኛዬን አስጠርተው በፊቴ ይቅርታ ጠየቋት፤ ፈተናውንም በ11ኛው ኮምፒዩተር እንደ ገና እንድትወስድ ፈቀዱላት። ስድሳውንም ጥያቄ ሠርታ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ተነሣች።

መደምደሚያ

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው በአጭሩ ሲጠቃለል አምስት ጥያቄዎች ይሆናል። ቁጥሩ የየትኛው ሴንሰር ነው? የዚያ ሴንሰር ወሰን ስንት ነው? ኮምፒዩተሩ በዚያን ጊዜ ምን እየሠራ ነበር፣ በምንስ ፍጥነት? ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነበር? ቁጥሩስ በሴኮንድ ዘለለ ወይስ በደቂቃ ወጣ? የክበባችን የምርመራ ወረቀት ዛሬ እነዚህን ሁሉ የሚጠይቅ ሆኗል። «ደኅና ነው» የሚለው ቃል የሚጻፈው አምስቱ ከተሞሉ በኋላ ነው።

ወላጆቻችንም በቤት ውስጥ ላፕቶፕ ያላችሁ እንደ ሆነ፣ በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት መተንፈሻውን እንደሚደፍነው፣ አቧራም በየጊዜው ሊጠረግለት እንደሚገባ ልብ ብትሉ መልካም ነው። መዝግየቱ ሁልጊዜ የእርጅና ምልክት አይደለም፤ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልናገር። 41 የሚለው ቁጥር አልዋሸኝም፤ የማዘርቦርዱን ሙቀት በትክክል ነግሮኛል። 34 የሚለውም የጓደኛዬ ውጤት አልዋሸም፤ የመለሰችውን ጥያቄ ልክ ቆጥሯል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነተኛ ሳሉ፣ «የምኑ?» ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ አንዱ በሽተኛውን ደኅና፣ ሌላው ታታሪዋን ሰነፍ አሰኘ። እንግዲህ ቁጥር በፊታችን በተቀመጠ ጊዜ፣ ከመፈረማችን በፊት የላቦራቶሪውን ሠራተኛ ጥያቄ እንጠይቅ።